ለኔቫዳ የምርጫ ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ፦ አንድ ቅጠል ወረቀት በአማርኛ

ለኔቫዳ ግዛት ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ጽሕፈት ቤት፣ ካርሰን ሲቲ
ለክላርክ ካውንቲ የምርጫ መምሪያ

ጉዳዩ፦ ለ2028 የፕሬዝዳንት ምርጫ የአማርኛ መመሪያ እንዲዘጋጅ ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍነው እንግሊዝኛው አቅቶን አይደለም። ለማንበብ አስተርጓሚ መፈለግ ይኖርባችኋል። አስተርጓሚው ያላችሁን ማመን ይኖርባችኋል። አንድ ቃል ተዛብቶ ቢሆንስ ብላችሁም ትጠራጠሩ ይሆናል። በላስ ቬጋስ የምትኖር፣ አማርኛ ብቻ የምታነብ ዜጋ የምርጫ ፖስታ በደረሳት ቁጥር የምታደርገው ይህንኑ ነው። የእሷ ግን ቀነ ገደብ አለው።

እኛ በክላርክ ካውንቲ በምርጫ ጣቢያ ሥራና በትርጉም የምናግዝ አማርኛ ተናጋሪዎች ነን። የምንጠይቀውም ፊትና ጀርባው የታተመ አንድ ቅጠል ወረቀት ነው። ምን ይጻፍበት፣ ሰው የሚሰናከለውስ የት ላይ ነው የሚለውን ግን ዘርዘር አድርገን ማስረዳት አለብን። ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ሰው ቋንቋውን ችሎ የኔቫዳን አሠራር ካላወቀ፣ ወይም አሠራሩን አውቆ የአማርኛ ተናጋሪውን ቤት ካላወቀ፣ ወረቀቱ ቢታተምም ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር ተጠቅልሎ ይጣላል።

ከቀኑ እንጀምር። በፕሬዝዳንት ምርጫ ዓመት ኔቫዳ ሦስት ምርጫ ታካሂዳለች፤ ሦስት ጊዜም ፖስታ ይመጣል። በ2021 የወጣው ሕግ እንዳለ ከቆየ፣ የመጀመሪያው የፓርቲዎቹ የፕሬዝዳንት እጩ የሚለይበት ቅድመ ምርጫ ሲሆን በፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ማክሰኞ ይውላል። በ2028 ፌብሩዋሪ 1 ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 23 ቀን 2020 ዓ.ም.። ሁለተኛው ለኮንግረስ፣ ለግዛቲቱ ምክር ቤትና ለአካባቢ ሥልጣን የሚደረገው የጁን ቅድመ ምርጫ ነው፤ ጁን 13፣ ሰኔ 6። ሦስተኛው ፕሬዝዳንቱ የሚመረጥበት ጠቅላላ ምርጫ ነው፤ ኖቬምበር 7፣ ጥቅምት 28 ቀን 2021 ዓ.ም.። ሁለቱ አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ይታተሙ። «2020» የሚለውን ብቻ ያየ ሰው ያለፈ ምርጫ ሊመስለው ስለሚችል «ዓ.ም.» የምትለዋ ከቁጥሩ አትለይ።

ሦስት ፖስታ መሆኑ በግልጽ ካልተነገረ የሚሆነው ይታወቃል። በፌብሩዋሪ ድምፅ ሰጥቶ የጨረሰ ሰው የጁኑ ፖስታ ሲመጣ «ይሄማ ላክሁት እኮ» ብሎ ይጥለዋል። በተቃራኒው ደግሞ የፌብሩዋሪው ፖስታ ከነጭራሹ የማይደርሰው ሰው አለ፤ የብዙው ግራ መጋባት የሚነሳው ከእሱ ነው።

ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ በዲኤምቪ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ወይም የሚያድስ ዜጋ፣ አልፈልግም ካላለ በስተቀር በቀጥታ በመራጭነት ይመዘገባል። ፓርቲ ካልመረጠ የሚሰፍረው «ከፓርቲ ነፃ» ከሚለው ሥር ነው። ዛሬ በኔቫዳ ከሁለቱም ትልልቅ ፓርቲዎች የሚበልጠው መዝገብ ይኸው ሆኗል። የኔቫዳ ቅድመ ምርጫ ግን ዝግ ነው። በፌብሩዋሪ ወረቀት የሚላከው በዲሞክራትነት ወይም በሪፐብሊካንነት ለተመዘገበ ብቻ ነው። ከፓርቲ ነፃ የሆነ ሰው በፌብሩዋሪ ምንም አይደርሰውም፤ በጁን ደግሞ ዳኞችንና የትምህርት ቦርድ አባላትን የመሳሰሉ የፓርቲ ስም የሌለባቸው ውድድሮች ብቻ ያሉበት አጠር ያለ ወረቀት ይደርሰዋል። በአንድ ቤት ለባል መጥቶ ለሚስት ሲቀር፣ ሰው የሚጠረጥረው ወይ ፖስተኛውን ነው ወይ መንግሥትን። እውነቱ ግን ዲኤምቪ ቆጣሪ ላይ ሳይነበብ የታለፈ አንድ ጥያቄ ነው።

ይህን ለማስተካከል ሁለት ሙከራዎች ነበሩ። ቅድመ ምርጫውን ለሁሉም መራጭ ሊከፍት የነበረው፣ ለሕዝብ ድምፅ የቀረበው ጥያቄ ቁጥር 3 በ2022 አልፎ በ2024 ወደቀ። ቢያልፍም ኖሮ የፕሬዝዳንቱን ቅድመ ምርጫ አይነካም ነበር፤ ይህን ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነው። በ2025 ደግሞ ምክር ቤቱ ከፓርቲ ነፃ የሆኑ መራጮች በቅድመ ምርጫ እንዲሳተፉ የሚፈቅድ ሕግ አውጥቶ ገዥው ጆ ሎምባርዶ ሻሩት። ስለዚህ በ2028 በሩ ዝግ ሆኖ ሊጠብቀን ይችላል። ዝግ መሆኑን ግን አስቀድሞ መናገር ይቻላል። በዲሴምበር 2027 ለአማርኛ ተናጋሪው «በመዝገቡ ላይ ከፓርቲ ነፃ ሆነህ ነው ያለኸው፤ በፌብሩዋሪ ወረቀት አይመጣልህም፤ ከፈለግህ በድረ ገጹ ፓርቲህን ቀይር፤ ከጁን በፊትም መልሰህ መቀየር ትችላለህ» የሚል ሦስት መስመር ይድረሰው። ፓርቲ መቀየር የአባልነት መዋጮ እንደሌለው፣ በኖቬምበርም ማንን እንደሚመርጥ እንደማያስገድደው ይጨመርበት። የፓርቲ አባልነት ሲባል የቀበሌ ስብሰባ የሚታወሰው ሰው ስንት ነው!

እዚሁ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ «ኢንዲፔንደንት አሜሪካን» የሚባል ሳጥን አለ። በፓርቲ ከመታቀፍ ነፃ መሆን የፈለገ ሰው «ኢንዲፔንደንት» የሚለውን ቃል ሲያይ ምልክት ያደርግበታል። ይህ ግን ራሱን የቻለ ፓርቲ ነው፤ የራሱ ወግ አጥባቂ ፕሮግራምና የራሱ እጩዎች ያሉት። ስሙን ወደ አማርኛ ተርጉማችሁ «ነፃ አሜሪካዊ» ብትሉት ወጥመዱ ይብሳል፤ ነፃ አሜሪካዊ መሆን የማይፈልግ አዲስ ዜጋ የለምና። ስሙ እንዳለ በድምፁ ይጻፍ፤ አጠገቡ «የፓርቲ ስም ነው» ይባል።

አሁን ወደ 2024 እንመለስ፤ ያ ዓመት ካልተብራራ የ2028ን ወረቀት የሚያምን አይኖርም። ግዛቲቱ በሕግ የተደነገገውን ቅድመ ምርጫ ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 6 አካሄደች። የሪፐብሊካን ፓርቲ ግን በፓርቲው ጉባኤ እጩውን የሚመርጡትን ልዑካን የምመድበው በራሴ ኮከስ፣ ማለትም ራሴ በምጠራው ስብሰባ ነው ብሎ ሐሙስ ፌብሩዋሪ 8 ለብቻው ጠራ። ለኮከሱ የመመዝገቢያ ክፍያው 55,000 ዶላር ነበር፤ በግዛቲቱ ቅድመ ምርጫ የተመዘገበ እጩ ደግሞ ወደ ኮከሱ እንዳይገባ ተከለከለ። ዶናልድ ትራምፕ ኮከሱን መረጡ፤ ኒኪ ሄሊ ቅድመ ምርጫውን። ስለዚህ በፖስታ የመጣው የሪፐብሊካን ወረቀት ላይ የትራምፕ ስም አልነበረም። ከውድድሩ ወጥተው የነበሩት የማይክ ፔንስና የቲም ስኮት ስም ግን ነበረበት። ውጤቱ ሲቆጠር ከ63 በመቶ በላይ ያገኘው «አንዳቸውንም አልመርጥም» የሚለው መስመር ሆነ፤ ሄሊ 30 በመቶ ገደማ አገኙ። ከሁለት ቀን በኋላ ትራምፕ ኮከሱን በ99 በመቶ ወስደው 26ቱንም ልዑካን ያዙ። ማክሰኞ ዕለት የተሰጠው የሪፐብሊካን ድምፅ ሁሉ አንድም ልዑክ አላስገኘም።

ይህን በአማርኛ ቀድሞ ያስረዳ ወረቀት አልነበረም። የትራምፕን ስም ያጣው መራጭ ስማቸው የተሰረዘ መስሎት ቢናደድ፣ ወይም ወረቀቱን ሐሰተኛ ነው ብሎ ቢጥለው አይፈረድበትም። በኮከሱ ለመሳተፍ በተወሰነለት ቦታ፣ በተወሰነው ምሽት፣ ፎቶ ያለው መታወቂያ ይዞ በአካል መገኘት ነበረበት። ያ ሳምንት በከተማችን ሱፐር ቦል የተደረገበት ሳምንት ነበር፤ ጨዋታው እሑድ ፌብሩዋሪ 11 ነው። የታክሲና የሊሞ ሾፌር፣ የሆቴል ክፍል አጽጂ፣ የቁማር ጠረጴዛ አከፋፋይ በዚያ ሐሙስ ምሽት የት እንደነበረ መገመት አያዳግትም። በ2008 ዲሞክራቶች ኮከስ ሲያደርጉ ቢያንስ ለሺፍት ሠራተኛው በስትሪፕ ሆቴሎች ውስጥ ዘጠኝ ልዩ ጣቢያዎች ከፍተው ነበር። በ2020ም ከኮከሱ ቀን በፊት ለአራት ቀናት ቀድሞ ድምፅ መስጠት ፈቅደው ነበር፤ ሰልፉ ግን ሰዓታት ፈጀ።

ፓርቲ ልዑካኑን እንዴት እንደሚመድብ ግዛቲቱ እንዳሻት ልታዘው እንደማትችል እናውቃለን። ማስገደድ ባይቻልም ማሳወቅ ይቻላል። አንድ ፓርቲ የቅድመ ምርጫውን ውጤት ለልዑካን አልጠቀምበትም ካለ፣ ይህን የድምፅ መስጫው ከመታተሙ በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይገደድ። ጽሕፈት ቤቶቻችሁም «ይህ ፓርቲ ልዑካኑን በዚህ ምርጫ አይመድብም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በየፖስታው ያስገቡ፤ በእንግሊዝኛም በስፓኒሽም በታጋሎግም በአማርኛም። የሕግ ማሻሻያ የሚጠይቅ ከሆነ ጊዜው ጠባብ ነው። የኔቫዳ ምክር ቤት የሚሰበሰበው በጎዶሎ ዓመት ለ120 ቀን ብቻ ነው። ከ2028 በፊት ያለው የመጨረሻ መደበኛ ጉባኤ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2027 ይከፈታል፤ ከቅድመ ምርጫው ልክ አንድ ዓመት ቀድሞ።

ስለ ቃላት ጥቂት እንበል። ትርጉም የሚበላሸው ከባድ ቃል ላይ ይመስላል፤ በምርጫ ወረቀት ላይ ግን የሚያሰናክሉት ቀላሎቹ ናቸው። «ቅድመ ምርጫ» የሚለውን ብዙ ሰው ከምርጫው ቀን በፊት ቀድሞ ድምፅ ለመስጠትም ይጠቀምበታል። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ «ቅድመ ምርጫው በቅድመ ምርጫ ይጀመራል» የሚል ጉድ ይወጣል። የእኛ ሐሳብ የእጩ መለያውን ብቻ «ቅድመ ምርጫ» ማለት፣ ሌላውን «ቀድሞ ድምፅ መስጠት» ብሎ መተው ነው። «ፖስታ» ለእኛ ደብዳቤውም ነው፣ ማቀፊያውም ነው፣ መሥሪያ ቤቱም ነው። «ፖስታውን በፖስታ ወደ ፖስታ ቤት» ከማለት «የመመለሻ ፖስታ» የሚል ቋሚ ስም ይሰጠው። ድሮፕ ቦክስን ማሽን ሲተረጉመው «መጣያ ሳጥን» ይለዋል፤ ድምፄን ቆሻሻ ውስጥ ልጣል ወይ የሚል ጥያቄ ያስከትላል። «የድምፅ ማስገቢያ ሳጥን» ይበቃል። ኮከስን ኮከስ ማለት ይሻላል፤ ከዚያ «የፓርቲው የራሱ ስብሰባ» ብሎ ማስረዳት።

ከሁሉም የሚያሰጋን ግን ያ በ2024 ብዙ ድምፅ ያገኘው «አንዳቸውንም አልመርጥም» የሚለው መስመር ነው። ኔቫዳ ከ1975 ጀምሮ በግዛት አቀፍና በፕሬዝዳንት ውድድሮች ላይ ከእጩዎቹ ስም በታች ይህን ምርጫ ታስቀምጣለች። በአገሪቱ ካሉት ግዛቶች ይህን የምታደርገው እሷ ብቻ ናት። ቃል በቃል የተረጎመው ሰው «ከእነዚህ እጩዎች ማንኛውም» ብሎ ይጽፋል፤ ይህ በአማርኛ «ከእነሱ ማንም ቢሆን ይሁንልኝ» ማለት ነው፣ የተባለው ተቃራኒ። አማርኛ አሉታውን የሚሸከመው በግሡ ነው፤ «ከእነዚህ እጩዎች አንዱንም አልመርጥም» ካልተባለ ትርጉሙ ይገለበጣል። መስመሩ ብዙ ድምፅ ቢያገኝም እንደማያሸንፍ፣ አሸናፊ የሚባለው ከሰዎቹ መካከል ብዙ ያገኘው እንደሆነም ይጨመር። በ2014 በዲሞክራቶች የገዥነት ቅድመ ምርጫ ይህ መስመር አንደኛ ወጥቶ፣ እጩ የሆነው ግን ሁለተኛ የወጣው ሰው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ መመለሻው ፖስታ። በኔቫዳ ንቁ ተመዝጋቢ የሆነ መራጭ ሁሉ፣ አይላክልኝ ካላለ በቀር፣ ሳይጠይቅ የድምፅ መስጫ ወረቀት ይላክለታል፤ ሲመልስም ቴምብር መግዛት አያስፈልገውም። ከድምፅ መስጫው ይልቅ ብዙ ጊዜ ችግር የሚያመጣው በመመለሻው ፖስታ ላይ ያለው ፊርማ ነው። መዝገቡ ላይ ካለው ፊርማ ጋር ይመሳከራል። በመጀመሪያ በማሽን፣ ካላለፈ በሰው ዓይን። ቢያንስ ሁለት ሠራተኞች ከተጠራጠሩ ፖስታው ሳይከፈት ይቀመጥና መራጩ እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል። በ2024 ኖቬምበር በክላርክ ካውንቲ ብቻ በሺህ የሚቆጠሩ ፖስታዎች በዚህ ምክንያት ቆመው ነበር። በ2016 ኔቫዳ የተወሰነችው በ27,000 ድምፅ ልዩነት ገደማ መሆኑን ስናስታውስ፣ የቆመ ፖስታ ትንሽ ነገር አይደለም።

የእኛ ሰው ፊርማ ለምን አይገጥምም? ዜግነት ሲወስድ በላቲን ፊደል ስሙን ሙሉ ጽፎ ፈረመ። ዲኤምቪ የሚያንሸራትት መስታወት ላይ በፕላስቲክ ብዕር ጫር አደረገ፤ መዝገቡ ላይ ያለው ያ ጭረት ነው። የምርጫው ፖስታ ሲመጣ ደግሞ፣ ጉዳዩ የክብር ስለሆነ፣ አገር ቤት የሚያውቀውን በፊደል የተጠማዘዘ ፊርማውን አሳምሮ አሰፈረ። ሦስቱም የእሱ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሦስት ሰው ናቸው። ወረቀቱ «መንጃ ፈቃድህን አውጥተህ አጠገብ አስቀምጥ፤ በእሱ ላይ እንዳለው ፈርም» ቢል ችግሩ በአብዛኛው ይቀላል። ፊርማው የተለወጠ ሰው ደግሞ ምርጫው ከመድረሱ በፊት የምዝገባ ቅጹን በወረቀት ሞልቶ በአዲሱ ፊርማ ያድስ።

ሁለተኛው ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አባት ከበደ ታደሰ፣ እናት አልማዝ ወልዴ፣ ልጅ ሳራ ከበደ ቢባሉ፣ በመዝገባችሁ ላይ ታደሰ፣ ወልዴና ከበደ የተባሉ ሦስት የማይገናኙ ሰዎች ናቸው። በአንድ ቀን ሦስት ፖስታ በአንድ ሳጥን ይገባል። እራት ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ፣ ወረቀቱ ተሞልቶ፣ ወደ ፖስታ ሲመለስ አባት የእናትን ያነሳል። እያንዳንዱ የመመለሻ ፖስታ የራሱ ባርኮድ አለው፤ የሚያነበው ማሽን አልማዝ ብሎ ሲጠብቅ የከበደ ፊርማ ያገኛል። ሁለቱም ይቆማሉ። «አንዱን ከፍታችሁ፣ ሞልታችሁ፣ አሽጋችሁ፣ ፈርማችሁ ጨርሱ፤ ከዚያ ሌላውን ክፈቱ» የምትል መስመር ትጻፍ። የስም አጻጻፍም አለ፦ ፀሐይ የምትባል ሴት በአንዱ መዝገብ በ«ቲ» በሌላው በ«ኤስ» ትጀምራለች። ያለመገጣጠም የሚመጣው ምዝገባው ከመንጃ ፈቃድ ወይም ከሶሻል ሴኩሪቲ ጋር ሲመሳከር ስለሆነ፣ ስሟን በመንጃ ፈቃዷ ላይ ባለው አጻጻፍ ትጻፍ።

ፊርማው ካልገጠመ መራጩ ምርጫው ባለፈ በስድስተኛው ቀን እስከ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ድረስ ማስተካከል ይችላል፤ በፈረንጁ ሰዓት 5 ማለት ነው። ይህም ራሱ መጻፍ ያለበት ነገር ነው፤ «እስከ 5 ሰዓት» ብቻ ከተባለ ረፋድ ላይ ያበቃ የሚመስለው አለ። ጥሪው የሚመጣው በደብዳቤ፣ በስልክ ወይም በአጭር መልእክት ነው፣ በእንግሊዝኛ፣ ከማይታወቅ ቁጥር። ልጆቻችን ወላጆቻቸውን «ከማታውቁት ቁጥር የመጣ መልእክት አትንኩ» እያሉ የሚመክሩበት ዘመን ነውና መልእክቱ ይሰረዛል፤ ድምፁም አብሮ ይሰረዛል። መልእክቱ ላይ «የምርጫ ፖስታዎ ፊርማ አልተረጋገጠም» የምትል አንዲት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ትጨመር፣ የሚላክበት ቁጥርም በወረቀቱ ላይ አስቀድሞ ይታተም።

ስለ መሙላቱ አጭር ነው። አገር ቤት የመረጠ ሰው የለመደው «ኤክስ» ምልክት ወይም የጣት አሻራ ነው፤ የፓርቲውን ምልክት ዓይቶም ይለያል። እዚህ ምልክት የለም፣ የእንግሊዝኛ ስም ብቻ፤ የሚፈለገውም ክቧን ጥቁር ወይም ሰማያዊ አድርጎ ሙሉ ለሙሉ መቀባት ነው። ስለ መላኩ ደግሞ በ2024 የነበረው ደንብ እስከ ምርጫው ቀን ማኅተም ያረፈበት ፖስታ በአራተኛው ቀን እስከ 11 ሰዓት ከደረሰ ይቆጠራል የሚል ነበር። ነገር ግን ማታ የመንገድ ሳጥን ውስጥ የገባ ፖስታ ማኅተም የሚያርፍበት በማግስቱ ነው። በመጨረሻው ቀን የቀረ ሰው ወደ ድምፅ ማስገቢያ ሳጥን ይሂድ። ፖስታውን ሌላ ሰው እንዲያደርስለት መፍቀድ ይችላል፤ አደራ የተሰጠው ሰው ሳያደርስ ቢቀር ግን በሕግ ይጠየቃል።

በአካል ለሚመጣው ሰው ሦስት ነገር ይነገር። በክላርክ ካውንቲ በማንኛውም የድምፅ መስጫ ማዕከል መምረጥ ይቻላል። «ጣቢያዬ አይደለም» ብሎ የሚመለስ ሰው ያለው አገር ቤት ከተመዘገቡበት ጣቢያ ውጪ መምረጥ ስለማይቻል ነው። ቤት የደረሰውን ወረቀት ይዞ ይምጣና ያስረክብ፤ ካልያዘ በሌላ መንገድ እንዳልመረጠ ይፈርማል። ሦስተኛውና ዋናው፦ ማንበብ የሚቸግረው መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ ገብቶ ማስነበብ እንደሚችል የፌዴራሉ የድምፅ መብት ሕግ ክፍል 208 ይፈቅዳል። ልጅ፣ ጎረቤት፣ የንስሐ አባት ይሆናል። የማይፈቀደው አሠሪው ወይም የአሠሪው ወኪል፣ እንዲሁም የሠራተኛ ማኅበሩ ኃላፊ ወይም ወኪል ነው። ብዙ ሰው በሆቴል ሠራተኞች ማኅበር በታቀፈበት ከተማ ይህ የመጨረሻው ሐረግ በደማቁ ይታተም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ቀይ ቀለም ይገባዋል። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በፕሬዝዳንት ምርጫ፣ በቅድመ ምርጫውም ጭምር፣ ድምፅ መስጠት አይችልም። ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረም ከአገር እስከ ማስወጣት ያደርሳል። በዲቪ የመጣ ዘመድ ያለው ቤት ሁሉ ይህን በገዛ ቋንቋው ሊያነብ ይገባል።

«የሕግ ግዴታ የለብንም» ትሉን ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። የድምፅ መብት ሕግ ክፍል 203 የሚያስገድደው 10,000 ወይም 5 በመቶ መራጭ ዕድሜ ያላቸው፣ እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው ዜጎች ሲኖሩ ነው፤ ያም ለስፓኒሽ፣ ለእስያ፣ ለአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችና ለአላስካ ቋንቋዎች ብቻ። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1975 ዝርዝሩን ሲያወጣ የአፍሪካ ቋንቋ አልገባም። ስለዚህ በላስ ቬጋስ አንድ መቶ ሺህ አማርኛ ተናጋሪ ቢኖርም በዚያ ክፍል በኩል በሩ አይከፈትም። ሕጉ ግን ከዚህ በላይ እንዳታደርጉ አይከለክልም። በዋሽንግተን ዲሲ ከ2004 ጀምሮ ባለው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛ አንዱ ነው፤ ሚኒሶታም የመራጭ መመሪያዋን በአማርኛ ታወጣለች። ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ አካባቢ የሰየመ ካውንቲ አንድ ቅጠል ወረቀት አይከብደውም።

የመጨረሻው የጊዜ ጉዳይ ነው። የፌብሩዋሪው ፖስታ ቤት የሚደርሰው በገናና በጥምቀት መካከል ነው። ልክ በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው አገር ቤት ነው፤ የልጅ ሠርግ፣ የእናት ተዝካር፣ ጥምቀት በጎንደር። የድምፅ መስጫ ወረቀት አድራሻ ቢቀየርም ወደ ሌላ አድራሻ ተከትሎ አይሄድም፤ በሳጥኑ ውስጥ ይከማቻል ወይም ይመለሳል። ከአገር ውጪ ላሉ ዜጎች «ኢዝ» የሚባለው የኢንተርኔት ሥርዓታችሁ አለ። ለሁለት ወር አዲስ አበባ የሄደ የላስ ቬጋስ ነዋሪ በእሱ መጠቀም ይችል እንደሆነ፣ ከቻለም ከስንት ቀን በፊት መጠየቅ እንዳለበት፣ በአማርኛ ጽፋችሁ መልሱልን። መልሱ ከኖቬምበር 2027 በፊት ቢደርሰን ትኬት ከመቆረጡ በፊት ለሰው እናደርሳለን።

በክላርክ ካውንቲ በምርጫ ሥራና በትርጉም የምናግዝ አማርኛ ተናጋሪዎች

ግልባጭ፦
ለኔቫዳ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የምርጫ ጉዳይ ኮሚቴዎች
ለኔቫዳ ዲሞክራቲክና ሪፐብሊካን ፓርቲዎች
ለአማርኛ ተናጋሪ የኔቫዳ መራጮች